ከሱራት እስከ ደንቀዝ፦ ባዕድ ባለሙያ በጣና ዳር እንዴት ሥራ ያገኝ ነበር?

ጎንደር አጠገብ ካለችው ከማክሰኝት በላይ ባለው ደጋ ላይ የደንቀዝ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። ጎንደር ገና ከተማ ሳትሆን ዓፄ ሱስንዮስ የተቀመጡበት ሥፍራ ነው (ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 ነገሡ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባ ምሕርካ ድንግልና አዛዥ ጢኖ የጻፉት የንጉሡ ዜና መዋዕል ሕንፃውን ማን እንደሠራው አልደበቀም። ዋናው ግንበኛ ዐብዱል ከሪም የሚባል ከሕንድ የመጣ ሰው ነበር፤ ሰደቃ ነስራኒ የሚባል ግብፃዊ አናጢም አብሮት ሠርቷል። ጸሐፊዎቹ ሕንዳዊውን ባንያን ይሉታል። ባንያኖች የሂንዱ ነጋዴዎች ናቸው፤ የዚህ ሰው ስም ግን የሙስሊም ነው። የጻፉት ሰዎች የእጁን ሥራ አውቀው ሃይማኖቱን አጥርተው ለማወቅ አልደከሙም ማለት ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጣ ግንበኛ በጣና ዳር ደጋ ላይ እንዴት ሥራ ሊያገኝ ቻለ? ማን ጠራው? ማን ዋስ ሆነው? የኔ መልስ እንዲህ ነው፦ በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርና የጣና ዙሪያ በየመኗ ሞካ፣ በሕንድ ወደቦች በሱራትና በጎዋ፣ በጃቫዋ ባታቪያም በኩል የተዘረጋው የእስያ የንግድና የሙያ ገበያ ምዕራባዊ ጫፍ ነበሩ። በዚያ ገበያ ባለሙያውን ያስቀጠረው ከነገሥታት የተጻፈ ደብዳቤ አልነበረም፤ የትውልድ አገሩ ክብርም አልነበረም። ያስቀጠረው ለሙያው የተቸገረ ጌታ መኖሩና በመካከል ቆሞ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ነጋዴ መገኘቱ ነው።

ከውጭ ባለሙያ መፈለግ በሱስንዮስ አልተጀመረም። ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ በዓፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ወደ ኢትዮጵያ ስለገቡ ሁለት ሰዎች ይነግረናል። አንዱ ከግብፅ የሸሸ አልጡንቡጋ የሚባል የማምሉክ ሹም ነው፤ ለንጉሡ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት አደራጀ፣ ሠራዊቱንም በእሳት መዋጋትን አስተማረ። ሌላው ፋኽር አድ-ደውላ የሚባል ቅብጥ ነው፤ የግብሩን አሰባሰብ ሥርዐት አስያዘ። ሁለቱንም ያመጣቸው የራሳቸው ችግርና የሚያውቁት መንገድ ነው። እኚሁ ንጉሥ ግን ባለሙያ እንዲልክላቸው የአራጎኑን ንጉሥ አልፎንሶን ጠይቀው ነበር። አልፎንሶ በ1450 ለዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀደም ሲል የላካቸው 13 ባለ እጆች በመንገድ እንዳለቁ ይናገራል። የይስሐቅ መልእክተኛ የነበረው የፋርስ ተወላጅ ነጋዴ ኑር አድ-ዲን አት-ተብሪዚም በ1429 በካይሮ ተገደለ። የነገሥታቱ ደብዳቤ ባሕርና ጠላት ሲበሉት፣ በራሱ እግር የሸሸው ሹምና የቀረጥ ጸሐፊው ደርሰው ተሾሙ። ከመቶ ዓመት በኋላ ዓፄ ልብነ ድንግል ለፖርቱጋል ንጉሥ የጻፉት ደብዳቤም በምኞት የተሞላ ነበር፤ የወርቅና የብር አንጥረኛ፣ ግንበኛ፣ አናጢ፣ መጽሐፍ አታሚ፣ ሐኪም ይላክልኝ ይላል። የሚያሳዝነው አታሚው አለመምጣቱ ነው። ማተሚያ በአገራችን በዚያ ዘመን ተተክሎ ቢሆን ኖሮ የመጽሐፋችን ታሪክ ሌላ መልክ በያዘ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በልብነ ድንግል ግቢ ግን ማንም ንጉሥ ያልላከው አንድ ባለሙያ ነበር። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባለው የቬኒስ ሠዓሊ በ1480ዎቹ ገደማ ገብቶ በአገሩ መርቆሬዎስ ተባለ፤ አብያተ ክርስቲያናትን ሣለ፣ ቋንቋውን ተማረ፣ ከአርባ ዓመት በላይም ኖረ። በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሲያገኘው ሰውየው ሠዓሊ ቢሆንም እንደ ትልቅ ጌታ የሚኖር የተከበረ ሰው እንደነበር መዝግቧል። ይህ ቃል ለነገሬ ጠቃሚ ነው። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ሠዓሊ በማኅበር ሕግ የታሰረ የእጅ ሥራ ሰው ሲሆን፣ እዚህ ሙያው ወደ ጌትነት አወጣው። ስለዚህ ባለሙያው የሚያገኘው ምን እንደሆነ ማየት ይቻላል፦ መሬት፣ ማዕርግ፣ ንጉሡን በቅርብ የማየት መብት። ደመወዝ በገንዘብ ሊሆን አይችልም ነበር፤ አገሩ በአሞሌ፣ በጨርቅና በወርቅ ምዝን የሚገበያይ ነውና። በመሬት የተከፈለ ሰው ደግሞ ክፍያውን ይዞ መሄድ አይችልም፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቤተ መንግሥቱ ክብደት ወደ ጣና ዙሪያ ዞረ። ዓፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) በእንፍራንዝ ተቀመጡ፤ ከማክሰኝት ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዛሬም ኮረብታው ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ግንብ ለእሳቸው ይሰጣል። ኦቶማን ቱርኮች ከ1557 ጀምሮ ምፅዋን ይዘው ስለነበር ከባሕሩ የሚመጣ ሰውም ዕቃም በእነሱ በር ያልፋል። በዚያ በር ማን ነው ያለ ችግር የሚያልፈው? ነጋዴ ነው። አርመናዊው፣ ጀበርቲው፣ ሕንዳዊው፣ ግሪኩ። የካቶሊኩ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ይህን በመከራ ተማረ። በ1589 ከጎዋ ተነሥቶ በዐረብ ባሕረ ገብ መሬት ተያዘና ሰባት ዓመት ታስሮ በቤዛ ተለቀቀ። በ1603 ሁለተኛ ሲሞክር አርመናዊ መስሎ፣ ዲዩ በተባለችው የሕንድ ወደብ ከተዋወቀው ከአንድ የቱርክ ሹም ጋር ተሳፍሮ ምፅዋ ገባ። የአውሮፓ ቄስ ወደ ጣና የደረሰው የእስያን ነጋዴ ልብስ ለብሶ ነው። ከደረሰም በኋላ መጀመሪያ ያስወደደው የእጅ ሥራ ዕውቀቱና ልጆችን ማስተማሩ ነበር፤ በአሮጌው ጎርጎራ ለንጉሡ የድንጋይ ቤት አሠራ፣ አናጢዎቹንና ግንበኞቹን መሣሪያ መሥራት ጭምር አሳያቸው ይባላል። በ1622 እዚያው ጣና ዳር ሞተ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣውን የመጀመሪያ ክርክር እቀድማለሁ። የጎንደርን ግንቦች የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ስለ ሕንድ ግንበኛ የሚወራው ማስጌጫ ነው የሚል ሐሳብ በትምህርት ቤትም በአስጎብኚ አፍም ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። ከኢየሱሳውያኑ አንዱ የነበረው ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ራሱ፣ ለኖራ የሚሆነውን ቀላል ድንጋይ በአገሩ ያገኘው ከሕንድ የመጣ ሰው እንደሆነ ጽፏል። ኖራ ባይገኝ የጎንደር ግንቦች አይቆሙም ነበር፤ ከዚያ በፊት በደረቅ ድንጋይና በጭቃ ነበር የሚገነባው። የደንቀዝን ግንበኛ ማንነት ከላይ አይተናል። የሱስንዮስ ልጅ ዓፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ካባረሩ በኋላ በ1636 ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ። በ1648 የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ ጎንደር ገብቶ የንጉሡን ግንብ ሲያደንቅ ጠራቢው ሕንዳዊ መሆኑን ነገሩት፤ እሱም ጻፈው። ፖርቱጋሎቹ በሄዱበት፣ እንዲያውም በተጠሉበት ዘመን ትልቁ ግንብ ቆመ። ቪክቶር ፈርናንዴዝ የመሩት የማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ2006 ጀምሮ በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ ባደረገው ቁፋሮም ኢየሱሳውያኑ ባሠሯቸው ሕንፃዎች ላይ ሳይቀር የሕንድ ጥበብ ጎልቶ ታይቷል። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ከጎዋ የመጡ ነበሩና ይህ አያስገርምም። በዚህ ላይ ሥራውን በእጁ የጨረሰው ብዙው ሰው የአገሩ ተወላጅ ነው። በተለይ ቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች በጎንደር ሕንፃዎች ላይ ያላቸው ድርሻ ከማንም ባዕድ ይበልጣል፤ ከመካከላቸው በሙያቸው ማዕርግና መሬት ያገኙ ነበሩ። ባዕዱ ያመጣው አንድ ዕውቀት ነው፤ ያደላደለውና ለመቶ ዓመት የዘለቀ የአሠራር ወግ ያደረገው የአገሩ ባለ እጅ ነው።

የዚህን ገበያ አሠራር ከማንም በላይ የሚያሳየን ኮጃ ሙራድ ነው። የሐለብ ተወላጅ አርመናዊ ነጋዴ ነበር፤ በጎንደር ተቀምጦ ለፋሲለደስ፣ ለልጃቸው ለቀዳማዊ ዮሐንስና ለልጅ ልጃቸው ለቀዳማዊ ኢያሱ በመልእክተኝነት አገለገለ። የሦስት ነገሥታት አመኔታ የያዘ ባዕድ በአገራችን ታሪክ ብዙ አይገኝም። በ1660ዎቹ ሲዲ ካሚል ከሚባል ሙስሊም ባልደረባው ጋር ወደ ሕንዱ የሞጉል ንጉሥ አውራንግዜብ ተላከ። ሱራት ሲደርሱ፣ በ1664 መጀመሪያ፣ የማራታው መሪ ሺቫጂ ከተማዋን ዘረፋት፤ የመልእክተኞቹም ንብረት አብሮ ተዘረፈ። በዴልሂ ያያቸው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንስዋ በርኒየር ድህነታቸውን በንቀት ጽፏል፤ ሙራድ ግን ተስፋ ቆርጦ አልተመለሰም፣ ጉዳዩን ፈጽሞ ነው የተመለሰው። ከዚያም በ1675 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መናገሻ ወደነበረችው ወደ ባታቪያ፣ ወደዛሬዋ ጃካርታ፣ ሄደ፤ በ1690ዎቹም ተመላለሰ። ባታቪያ በዚያን ጊዜ ቻይናዊው፣ ጃቫዊው፣ ሆላንዳዊው፣ አርመናዊውና ጉጅራቲው የሚገናኙባት የእስያ ታላቅ የንግድ ማዕከል ነበረች። ሙራድ ለገዢው ያደረሳቸው የሜዳ አህዮች ከዚያ ወደ ጃፓን ተሻገሩ፤ የጎንደር ስጦታ ከጣና ተነሥቶ ናጋሳኪ ደረሰ ማለት ነው። ይህ ሰው ዲፕሎማት ብቻ አልነበረም። ጎንደር ምን ዕቃና ምን ዓይነት ሰው እንደምትፈልግ የሚያውቅ፣ በማዶ ያለው ሰውም ጎንደር ደርሶ እንደማይጠፋ በራሱ ሕይወት የሚያሳይ ዋስ ነበር። አንድ ግሪክ አንጥረኛ ወይም አርመናዊ ጌጥ ሠሪ በሞካ ሆኖ «ወደዚያ ብሄድ ምን ይገጥመኛል» ብሎ ሲያስብ፣ መልሱን የሚያገኘው እንደ ሙራድ ካለ ሰው ነው።

የሐኪሙ የሻርል ፖንሴ ታሪክ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሳያል። ቀዳማዊ ኢያሱ በቆዳ ሕመም ሲቸገሩ ሐኪም እንዲያፈላልግ ወደ ካይሮ የላኩት ሐጂ ዓሊ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ነው። ሐጂ ዓሊ ወደ ማንም ንጉሥ ደጅ አልሄደም፤ በሚያውቀው ገበያ ውስጥ ጠይቆ እዚያው ካይሮ ይሠራ የነበረውን ፈረንሳዊ አገኘ። ፖንሴ በሰኔ 1698 ተነሥቶ ዛሬ ሱዳን ባለችው በሰናር በኩል በሐምሌ 1699 ጎንደር ገባ፤ ንጉሡን አከመ፤ በግንቦት 1700 ተመለሰ። የፈረንሳይ ቆንስላና ኢየሱሳውያን አጋጣሚውን ተጠቅመው ቄስ ደ ብሬቭዳንን አገልጋዩ አስመስለው አብረው ላኩ፤ እሱ ግን ጎንደር ሳይደርስ ሞተ። አንዱ መንገደኛ በነጋዴ ተጠርቶ ሙያውን ይዞ የሚሄድ፣ ሌላው ሙያ ለብሶ ሌላ ዓላማ የያዘ ነበር። ፖንሴ በጉዞ ማስታወሻው እንፍራንዝን ያነሣል፤ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚያራምዱባትና ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩባት ከተማ አድርጎ ይገልጻታል። የጎንደር ቅፍለት የሚነሣውና የሚያርፈው እንዲህ ባሉ የነጋዴ መንደሮች ስለነበር፣ ባዕዱ ሰው መጀመሪያ የሚያርፈውም እዚያ ነው። እንግዳው ንጉሡን ከማየቱ በፊት ነጋዴዎቹ አይተውታል፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ግቢ ይደርሳል።

ከሰባ ዓመት በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ ራሱ ጀግንነት ብዙ ጽፏል፤ መጽሐፉን በጥንቃቄ ላነበበ ግን የገባበት በር ሌላ ነው። ከመካ ሸሪፍ ሹም ከመቲካል አጋ ደብዳቤ ይዟል፤ መሐመድ ጅበርቲ የተባለው ነጋዴ ምፅዋ ላይ ከወደቡ ገዢ ከናይቡ ክፋት እንዲተርፍ ረዳው፤ ዐድዋ ላይ የትግራዩ ገዢ የራስ ሚካኤል ስሁል የቀረጥ ሹም የነበረው ግሪኩ ያኒ ተቀበለው፤ በጎንደር የእስላም ቤት ሰፈር ነጋዴዎች አሳረፉት። በ1770 የካቲት ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና በቁስቋም ግቢ የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ቤተሰብ አከመ። ከዚያ በኋላ ባለሟል ተባለ፤ ሹመትም አገኘ። የኛ ሰው ይህን ሥርዐት ደጅ መጥናት ይለዋል፤ ባዕዱም ደጅ ጠና እንጂ በሌላ መንገድ አልገባም። የብሩስ ሠዓሊ የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ፤ ስሙ በጌታው መጽሐፍ ውስጥ እንዲደበዝዝ ተደርጎ ነበርና እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ከሰምርኔስ የተሰደዱ ግሪክ አንጥረኞች በግቢው ጌጥ ላይ ይሠሩ እንደነበር የጻፈውም ይኸው ብሩስ ነው። ስደተኞች ነበሩ፤ እንጀራ ፍለጋ መጡ፤ ሙያቸው አበላቸው።

ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው። ጎንደር ለባዕድ የተዘጋች ነበረች ይባላል፤ ማስረጃም አለ። ፋሲለደስ በ1633 ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ፈረንጆች ወይ ሃይማኖት እንዲለውጡ ወይ ወደ ሰናር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤልም ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በመጋቢት 1716 የካቶሊክ ሚስዮናዊው ሊቤራቱስ ቫይስና ሁለት ባልደረቦቹ ጎንደር ላይ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ለሟቾቹም ሆነ ከቤታቸው ለተፈናቀሉት ማዘን ይገባል። ነገር ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። በፋሲለደስ ጥያቄ ሦስት የካቶሊክ የካፑቺን መነኮሳት በቀይ ባሕር ወደብ በሱዋኪን የተሰየፉት በ1648 ነው፤ የየመኑ መልእክተኛ አል-ሐይሚ ጎንደር ላይ በክብር የተስተናገደው፣ የሕንዳዊው ግንበኛ ሥራም የታየው በዚያው በ1648 ነው። የ1668 ጉባኤ ውሳኔ ባለቤት ዮሐንስ ከሰባት ዓመት በኋላ ኮጃ ሙራድን ባታቪያ ላኩት። ስለዚህ በሩ የተዘጋው በባዕድነት ላይ አይደለም፤ የአገሩን እምነት ሊለውጥ በመጣ ላይ ነው። አገሩ ይህን ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሱስንዮስ በ1620ዎቹ የሮማን እምነት ባወጁ ጊዜ የፈሰሰው ደም ገና ከሰው ልብ አልጠፋም ነበር፤ ንጉሡም በመጨረሻ ዐዋጁን አንሥተው ዙፋኑን ለልጃቸው የለቀቁት በዚያ ደም ምክንያት ነው። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ጀበርቲው የየራሱን እምነት ይዞ ኖረ፤ ሰፈሩ ተለየ እንጂ ሥራው አልተቋረጠም። ቤተ እስራኤል በሰፈር መለየታቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባዕድ አልነበሩም፤ ግንቡን በሠሩበት ከተማ መገፋታቸው ግፍ ነው፤ የኔ ክርክር ይህን ለማቃለል አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ አብዛኛውንም እቀበለዋለሁ። ፖንሴ ቢመለስም፣ ብዙው ባለሙያ ገባ እንጂ መውጣት አልቻለም። በ1490ዎቹ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ፔሮ ዳ ኮቪልያ መሬትና ክብር አግኝቶ እስኪሞት ድረስ ተከለከለ። ብሩስም ፈቃድ ለማግኘት ብዙ መለመን ነበረበት፤ በታኅሣሥ 1771 ነው የወጣው። አንዳንዶች ይህን የአገሩ ጠባይ አድርገው ይነቅፉታል፤ በዘመኑ የእስያ ማዕከሎችም ነፃ የሥራ ገበያ እንዳልነበሩ ግን ይረሳሉ። በባታቪያ የሆላንድ ኩባንያ ወታደር ለአምስት ዓመት ፈርሞ ነው የሚገባው፤ ከተማዋ ደግሞ በባሪያ ጉልበት የምትንቀሳቀስ ነበረች። ከዚህ የከፋውን የኛው ታሪክ ያሳየናል። የሕንድ ግንበኛን ያመጣው መንገድ ሐበሻውን በባርነት ይወስድ ነበር። ማሊክ አምበር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ተሽጦ ሕንድ ደረሰ፤ በአሕመድናጋር መንግሥት ውስጥ ከወታደርነት ወደ መሪነት ወጣ፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ በ1610 ቆርቁሮ ውሃ አስገባላት፤ በ1626 ሞተ። ዐብዱል ከሪም ለሱስንዮስ ሲገነባ ማሊክ አምበር በሕንድ ይገነባ ነበር። አንዱ የመጣው በሙያው፣ ሌላው የሄደው በሰንሰለት ነው። ኮጃ ሙራድ ራሱ ለአውራንግዜብ ከያዘው ስጦታ መካከል ባሪያዎች ነበሩበት። ጎንደር ባለሙያ እየቀጠረች የራሷን አገር ልጆች ትሸጥ ነበር። የዚህን ገበያ ትልቅነት የሚናገር ሰው ይህን አብሮ ካልተናገረ ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል።

ባለሙያውን አለመልቀቅ የበደለው ሰውየውን ብቻ አይደለም፤ አገሩንም ነው። ወደ ሱራት ተመልሶ «ሄጄ ሠርቼ፣ ተከፍዬ መጣሁ» የሚል አንድ ግንበኛ ሌሎች አሥር ባመጣ ነበር። ሙራድና ሐጂ ዓሊ የታመኑት የሚመላለሱ ስለነበሩ ነው፤ ባለሙያውም እንደ ነጋዴው ቢመላለስ ኖሮ የጎንደር ሙያ በየትውልዱ አዲስ ደም ባገኘ ነበር። ክፍያው መሬት መሆኑ፣ ፈቃዱም በንጉሡ እጅ ብቻ መሆኑ ይህን ከለከለ። በ1769 ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ጌታው ደኸየ፤ ነጋዴው ፈራ፤ ባለሙያም መምጣት ተወ። ግንብ መሥራትም በዚያው ቆመ።

ዓፄ ቴዎድሮስ የሞከሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ሙከራቸውም ክርክሬን በመከራ ያረጋግጣል። በ1860ዎቹ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሰፈሯቸው ባለ እጆች አብዛኞቹ ከስዊዘርላንዱ የክሪሾና ማኅበር የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ባልደረቦቹ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ እንዲያቀልጡ ተገደዱ። ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ አወጡ። የቴዎድሮስ ፍላጎት እውነተኛ ነበር፤ አገራቸው በዕውቀት እንድትቆም የነበራቸው ጉጉት ዛሬም ልብ ይነካል። ነገር ግን በመካከል የሚቆም፣ በሁለቱም ወገን የሚታመን ነጋዴ አልነበረም። ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ ሳይመለስ ሲቀር ቆንስሏን ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በ1866 ሚስዮናዊውን ፍላድን ባለሙያዎች እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ሲልኩ ቤተሰቡ በእጃቸው ነበር። ባለሙያዎቹ ተቀጥረው ምፅዋ ድረስ መጡ፤ እስረኞቹ ግን ስላልተለቀቁ ወደ ደጋው ሳይወጡ ከዚያው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ነበር።

ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። ከማክሰኝት፣ ከጎንደር ዙሪያና ከመላው የጣና ዳር ወጣቱ ወደ ጂዳ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ዱባይ የሚሄደው ጥቂቱ በሙያው፣ ብዙው በጉልበቱ ነው። በ2016 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ኤጀንሲው የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ፣ ተጓዡም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ዋስም ሙያም ያስፈልጋል ማለት ነው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው፤ ደላላ በሌሊት የሚያሻግረው ወጣት ሁለቱም የሉትምና። የአማራ ክልል የሥራና ሥልጠና ቢሮ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ፈቃድ የያዙ ኤጀንሲዎች አንድ ነገር ልለምናቸው፦ ከዚህ የሚወጣ ልጅ የሚያስቀጥረውን ሙያ ተምሮ፣ የሚጠየቅለትን ሰው ስም አውቆ፣ ሲፈልግ የሚመለስበት ውል ይዞ ይውጣ። ወላጆችም ለደላላ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት እነዚህን ሦስቱን ይጠይቁ።